የእናቴን ክፍል ባዶ ማድረግ አቃተኝ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከአዳማ ነው። እማዬ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። አባታችን ከእሷ በፊት ነው ያረፈው። ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ይኖራል። ታናሽ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እማዬን እስከ መጨረሻው ያስታመምኳት እኔ ነኝ። አሁንም ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ፍራንኮ አካባቢ እሷ ቤት ነው ያለነው።

የእማዬ ክፍል ካረፈች ጀምሮ ተቆልፏል። ልጆቼ ሳሎን መሬት ላይ አንጥፈው ነው የሚተኙት። እኔ ግን ክፍሉን ማስለቀቅ አቃተኝ። ልብሷ አለ፣ ሲንጀሯ አለ፣ ቴፕና አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት፣ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የስኳር መድኃኒቷና መርፌው ሳይቀር አለ። ፍራሿ ሥር በፌስታል የታሰረ የድሮ ባለ መቶ ብርም አገኘሁ። አንዳንድ ቀን ገብቼ ነጠላዋን አሽትቼ እወጣለሁ።

ወንድሜ “ዕቃ እየቆየ ይበላሻል፤ እንሽጠውና እንካፈል” ይላል። አንድ ቅዳሜ መጥቶ ቆራሌ ጠራና ጓዳ የነበረውን ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና የተሰነጠቀ ዕቃ ሸጠ። ታቹ ቀይ ቀለም የተቀባ አንድ ትልቅ ብረት ድስትም አብሮ ሄደ። እህቴ ይህን ስትሰማ በስልክ አለቀሰች። “ሳልቀብራት ቀረሁ፤ ዕቃዋንም ሳላየው ልትጥሉት ነው? እስክመጣ ምንም እንዳትነኩ” አለች። መቼ እንደምትመጣ ግን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አይነጋገሩም።

እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። ብጥለው እናቴን የጣልኳት ይመስለኛል። ባልጥለው ልጆቼ ቦታ የላቸውም። የሟች ዕቃ መጣል ኃጢአት ነው? ሲንጀሯን ደግሞ እማዬ ስፌት ያስተማረቻት የጎረቤት ልጅ ትፈልገዋለች። ወንድሜ “ጥሩ ብር ያወጣል፣ ይሸጥ” ይላል። ምን ላድርግ?

ቁልፉ የከበዳት፣ ከአዳማ

መልስ፦

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ስምንት ወር ለእናት ሐዘን ብዙ ጊዜ አይደለም። “እስካሁን እንዴት አልቻልኩም” ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ። ነጠላዋን ማሽተትሽም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስታችሁም ስለ አንድ ክፍል ነው የምታወሩት፤ ግን እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቃል ይዛችኋል። ወንድምሽ “እንሽጠው” ይላል። እህትሽ “እንዳትነኩት” ትላለች። አንቺ ደግሞ “መጣል” ትያለሽ። መመለስ ወይም መስጠት የሚል ቃል በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ አላገኘሁም። እጅሽን ያሰረው ይህ ይመስለኛል። አንድ ክፍል ሙሉ ዕቃ በአንድ ቃል አይወጣም። የሚመለስ አለ፣ የምትካፈሉት አለ፣ የሚሰጥ አለ፣ የሚሸጥ አለ፣ የሚጣልም አለ። እናትሽ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ነው የኖሩት። ልጅ ያደገበትን ልብስ ለጎረቤት ልጅ ሰጥተዋል፤ የተዋሱትን መልሰዋል፤ አሮጌውን ለልዋጭ አውጥተዋል። ይህን ሲያደርጉ ማንንም አልጣሉም።

እነዚህ ሥራዎች ተራ አላቸው። ወንድምሽ ከመጨረሻው ጀመረ። ጠቡም የመጣው ከዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት የሰው የሆነውን መልሺ። በየእናቱ ቤት የሰው ዕቃ አለ። ለድግስ የተዋሱት ትሪ፣ የጎረቤት ሰፌድ፣ አረብ አገር የሄደች ልጅ “ያዙልኝ” ብላ ያስቀመጠችው ሻንጣ፣ ባሏ እንዳያገኘው ብላ አንዷ የሰጠቻቸው ትንሽ ገንዘብ። እናቶች አደራ ተቀባዮች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ የሚያውቁት እነሱና የዕቃው ባለቤት ብቻ ናቸው። “አደራ በላ” በአገራችን ከከባዶቹ ስድቦች አንዱ ነው። እናትሽ አሁን ለራሳቸው መልስ መስጠት አይችሉም፤ መልስ የምትሰጪላቸው አንቺ ነሽ።

ያ ታቹ ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት ድስት ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ብዙ እድሮች ዕቃቸው ከሰው ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል በቀለም ወይም በመቅረጽ ምልክት ያደርጉበታል። የእናትሽ ድስት የእድሩ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ዛሬውኑ የእድሩን ንብረት ያዥ ሄደሽ ጠይቂ። የእድሩ ከሆነ ሳትደባብቂ ንገሪያቸውና ተኩት። ቆራሌዎች በየሰፈሩ የሚዞሩበት የለመዱት መንገድ ስላላቸው ያንን ልጅ ፈልጎ ማግኘት አያቅትሽም። ድስቱ ደህና ከነበረ ለሚጠቀምበት ሰው ሸጦት ይሆናል፤ የት እንዳደረሰው ይነግርሻል።

ለቀረው ዕቃ አንድ ቀን ቡና አፍይና እናትሽ የሚቀርቧቸውን ሴቶች ጥሪ። “እማዬ ጋ የቀረ ዕቃ ያላችሁ ንገሩኝ፤ እሷም የሰጠቻችሁ ካለ ንገሩኝ” በያቸው። የሚያፍሩ ስላሉ ተራ በተራ ለብቻቸውም ጠይቂ። ዕቁብ ይጥሉ ከነበረ ዳኛውን ወይም ጸሐፊውን አነጋግሪ። ያልተከፈለ ዕዳ ወይም ያልደረሳቸው ዕጣ ሊኖር ይችላል።

ሕጉም ይህንኑ ተራ ነው የሚከተለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከሟች ንብረት ላይ አስቀድሞ የቀብር ወጪው፣ ቀጥሎ የውርስ ማጣሪያው ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳው እንዲከፈል ያዛል። ወራሾች የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። ወንድምሽ “ሕጋዊ እንሁን” የሚል ሰው ከሆነ ይህን ንገሪው።

ሕጉን ካነሳን ጥቂት ልጨምር። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ አንቀጽ 842 እንዲህ ነው የሚለው። ታላቅ ወንድም አይበልጥም፤ ጅዳ ያለችውም አታንስም። የመሸጫ ዋጋ ያለው ነገር፣ ሲንጀሩም ቢሆን፣ ሦስታችሁ ሳትስማሙ ከቤት መውጣት የለበትም። ለቤቱና ለባንክ ሒሳቡ የሞት ምስክር ወረቀትና ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል። አዳማ ላይ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ቋንቋውን በጽሑፍ ካልቻልሽ ማመልከቻ የሚያዘጋጅልሽ ሰው ያዢ። አባታችሁ ሲያርፉ ውርሱ ተጣርቶ ካልነበረ ደግሞ ጉዳዩ የሁለት ሰው ውርስ ነው። እሱን ጠበቃ አማክሩበት። እህትሽ መምጣት ካልቻለች በጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ በኩል ውክልና መስጠት ትችላለች። ለማን እንደምትሰጥ ግን እሷ ትምረጥ፤ አትጫኗት።

አንድ ነገር በደብዳቤሽ ውስጥ በስሱ አልፈሽዋል። “ያስታመምኳት እኔ ነኝ” ብለሻል። ሕጉ ድርሻሽን በዚህ አያበዛልሽም። ወንድምሽና እህትሽ ግን ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ከሌላ ሰው ሳይሆን ካንቺ አፍ። ሌሊት የተነሳሽውን፣ ሐኪም ቤት የተመላለስሽውን ንገሪያቸው። ሳትነግሪያቸው ከቀረሽ ይህ ነገር አንድ ቀን በድስት ወይም በብርድ ልብስ ጠብ ውስጥ ይወጣል። ያኔ ማንም አይሰማሽም።

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የምታሳዝነኝ እሷ ናት። ወንድምሽ በፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል። እሷ የእናቷን ቀብር እንኳ በስልክ ነው ያየችው፤ ያውም ካየች ነው። የእናቷ ክፍል በሐሳቧ ውስጥ ትታው እንደሄደችው ነው ያለው። አንሶላው ተነጥፏል፣ ነጠላው ተሰቅሏል። “ምንም እንዳትነኩ” ስትል ልጆችሽን ሳሎን አስተኚ ማለቷ አይመስለኝም። እኔ ሳልኖር አትጨርሱት ማለቷ ነው። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ስለሆነ የመምጫዋን ቀን ልትነግርሽ አትችልም። ስለዚህ መምጣቷን አትጠብቂ፤ ክፍሉን ወደ እሷ ውሰጂው።

እንዲህ አድርጊ። እረፍት የምታገኝበትን ሰዓት ጠይቂያት። በኢሞ ደውይላትና ክፍሉን ራስሽ ከመክፈትሽ በፊት ስልኩን ይዘሽ በሩን አብራችሁ ክፈቱት። አንድም ዕቃ ሳታነሺ ዙሪያውን አሳያት። ብታለቅስ አብረሻት አልቅሺ፤ ብትስቅም ሳቂ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አትሥሩ። በሌላ ቀን ስትደውዪ “ቀድመሽ የምትመርጪው አንቺ ነሽ፤ ምን ይቀመጥልሽ?” በያት። የመረጠችውን በአንድ ሻንጣ አድርጊና ስሟን ጻፊበት። ያ ሻንጣ እሷ እስክትመጣ ማንም አይነካውም። ከአገልግሎት የወጣ ማንኪያ ብትመርጥም አትከራከሪያት።

ከዚያ ወንድምሽ ይምጣ። ሦስታችሁም፣ እሷ በስልክ ሆና፣ በተራ አንድ አንድ ዕቃ ምረጡ። ሁለት ሰው አንድ ዕቃ ከፈለገ ዕጣ ይጣል። ዕጣ ያወጣውን ማንም አይቀየምም። ወንድምሽን ቀድመሽ ለብቻው አናግሪው። ጨካኝ አይመስለኝም። ሁሉም ሲያለቅስ እሱ የሚጨበጥ ሥራ ፈልጎ ይሆናል። ስለዚህ ሥራ ስጪው፤ የፍርድ ቤቱን ጉዳይ፣ የባንኩን፣ የመብራትና የውሃውን ውል እሱ ይያዝ። ለእህቱም ራሱ ይደውል። “ሳልነግርሽ በመሸጤ ይቅርታ” ብሎ ቢጀምር ግማሹ ጠብ ያልቃል። አንቺ በመሀላቸው ሆነሽ መልእክት አታመላልሺ።

ልብሱን በተመለከተ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ ይህ የእሳቸው ሥራ ነው። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። የሟችን ልብስ ለተቸገረ መስጠት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የኖረ ነገር ነው። አንዳንዱ ቤት ከአርባው በኋላ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ሙት ዓመቱን ይጠብቃል። የእናትሽ ሙት ዓመት አራት ወር ቀርቶታል፤ እስከዚያ ብታቆዪው የሚጎዳው የለም። ሲሰጥ ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ የጎደለው ተሰፍቶ ይሰጥ። የሚቀበለው ሰው ክብር ይሰማዋል፤ አንቺም እጅሽ ላይ ይዘሽው ትሰናበቺዋለሽ።

ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። የእናትሽን ቀሚስ ሰፈር ውስጥ ለሚኖር ሰው ብትሰጪ አንድ ጠዋት ገበያ መንገድ ላይ ከኋላ ታዪዋለሽ። አንዳንዱን ሰው ይህ ያጽናናዋል፤ አንዳንዱን ያፈርሰዋል። አንቺ የትኛዋ እንደሆንሽ አስቀድመሽ አስቢ። አልችልም ካልሽ ከሰፈር ራቅ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂው። ወይም ወንድምሽ አዲስ አበባ ሲመለስ እንደ መቄዶንያ ላሉ የአረጋውያን መርጃዎች ያድርስ። ለልዋጭ ግን የእናትሽን ልብስ በተናደድሽበት ቀን አታውጪ። ቢጫ ባልዲ ይዘሽ ትገቢያለሽ፤ ያን ባልዲ ባየሽ ቁጥር ይቆጭሻል።

ነጠላዋን አስቀሪ። ሳታጥቢው አስቀምጪው። ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ መልስ መስጠት የለብሽም።

ሲንጀሩ ላይ እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ለልጅቷ ይሰጥ እላለሁ። እናትሽ ሙያቸውን ያወረሱት ለእሷ ነው፤ መኪናው ሙያውን ይከተል። ደግሞ ሲንጀር ተቀምጦ አይቆይም። ዘይቱ ይደርቃል፣ የእግሩ ቆዳ ቀበቶ ይሰነጠቃል፣ የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራ ማርሹ ውስጥ ይገባል። እሷ እጅ ላይ ይሠራል፣ እንጀራም ይሆናታል። ወንድምሽ “ያወጣል” ማለቱ እውነት ነው፤ ስለዚህ ያለ እሱና ያለ እህትሽ ፈቃድ አትስጪ። እንዲህ በይው፦ “ዋጋውን እናስገምት፤ የእኔን ድርሻ ለልጅቷ ሰጥቻለሁ።” እህትሽም የሷን ከተወች ለልጅቷ የሚቀረው የወንድምሽን ድርሻ ብቻ መክፈል ነው። እሱንም በየወሩ በትንሽ በትንሹ ልትከፍል ትችላለች። ብዙ ወንድም እዚህ ሲደርስ “በቃ ተይው፣ ትውሰድ” ይላል። ባይልም ድርሻው ነውና አትቀየሚው።

መድኃኒቱን ዛሬ አውጪው። እሱ ሙት ዓመትም ስብሰባም አይጠብቅም፤ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ። እዚህ ላይ ልግስና አያስፈልግም። ጎረቤትሽ ስኳር ቢኖርባትም የእናትሽን ክኒን ወይም ኢንሱሊን አትስጫት። መጠኑ ለእናትሽ የታዘዘ ነው፤ ኢንሱሊን ደግሞ በተለይ እንደ አዳማ ባለ ሙቀት ያለ ፍሪጅ ወራት ከቆየ ኃይሉን ያጣል። ያገለገሉትን መርፌዎች ወፍራም በሆነና ክዳን ባለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ክተቺና በደንብ ዝጊው፤ ጤና ጣቢያ ወስደሽ እንዲያስወግዱልሽ ጠይቂ። ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች በእጃቸው ነው የሚያነሱት፤ እንዲሁ ከጣልሽው እነሱን ይወጋቸዋል። ክኒኑን ፋርማሲ ወይም ጤና ጣቢያ ካልተቀበለሽ ከማሸጊያው አውጪና ከቡና አተላ ጋር ለውሰሽ፣ በፌስታል አጥብቀሽ አስረሽ ቆሻሻ ውስጥ ጣዪው። ልጅም እንስሳም አንስቶ አይበላውም።

የድሮው ብር የሚያሳዝን ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀይሮ ባለ 200 ብሩን ሲያወጣ የመቀየሪያ ጊዜው ሦስት ወር ነበር። አሁን ባንክ አይቀበልሽም። “እቀይርልሻለሁ” የሚል ሰው ቢመጣ አጭበርባሪ ነው፤ አንድም ኖት እጁ እንዳይገባ። እናትሽ ረስተውት ይሆናል፤ ወይም ለክፉ ቀን የደበቁት ነበር። ለምን አልነገረችንም ብላችሁ አትብሰልሰሉ። ሦስታችሁ አንድ አንድ ኖት ውሰዱ፤ የቀረውን ፎቶዎቹ ጋር አስቀምጪው። በዚህ አጋጣሚ ትራሱን፣ የቁም ሳጥኑን ወረቀት ሥር፣ የድሮ ቦርሳዎችን፣ የጸሎት መጽሐፉን ገጾች ሳትፈትሺ ምንም ነገር ከቤት አታውጪ። እናቶች የሚያስቀምጡበትን ቦታ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ወረቀት ደግሞ ለጊዜው አንድም አይጣል። የቤቱ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የባንክና የእድር ደብተር፣ የድሮ የቀበሌ ውል፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ይሁን። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜም እዚያ መሀል ሊገኝ ይችላል። የአባትሽን ጡረታ ይቀበሉ ከነበረ ማረፋቸውን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ አሳውቁ። ከሞት በኋላ የተወሰደ ጡረታ የሚመለስ ገንዘብ ነው።

ደብዳቤዎቹ ግን ሌላ ናቸው። አባታችሁ ለእናታችሁ የጻፉት ካለ ለእናንተ የተጻፈ አይደለም። ማንበብ አለብን የሚል ሕግ የለም፤ ማቃጠልም ነውር አይሆንም። እኔ ብሆን አስሬ አስቀምጠውና ሦስታችንም በአካል ስንገናኝ እንወስናለን እላለሁ። አንዴ ከተቃጠለ አይመለስምና፣ ይህን አንቺ ብቻሽን አትወስኚ።

ካሴቶቹን ሁለት ቦታ ክፈያቸው። የዘፈንና የመዝሙር የታተሙትን አንድ በኩል፣ በእጅ የተጻፈባቸውን ወይም ምንም ያልተጻፈባቸውን ሌላ በኩል። የታተሙትን መልቀቅ ትችያለሽ፤ ሌላ ቦታ ይገኛሉ። ሁለተኞቹን ግን ማንም እንዳይነካቸው። ስልክ ባልነበረበት ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ጋር በካሴት ድምፅ ቀድቶ መላላክ የተለመደ ነበር። የእናትሽ ወይም የአባትሽ ድምፅ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በአሮጌው ቴፕ ለመስማት አትቸኩዪ፤ ቴፑ ውስጡ ከቆሸሸ የካሴቱን ክር ይበላዋል። ቴፕ ጠጋኝ ያጽዳልሽ፤ ወይም ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ባለሙያ ፈልጊ። እስከዚያ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቀሽ አስቀምጪያቸው። እህትሽ ጅዳ ሆና የእናቷን ድምፅ በስልኳ ብትሰማ፣ ከክፍሉ ዕቃ ሁሉ የሚበልጥባት ይህ ይመስለኛል።

ፎቶዎቹን ጥላ ባለበት ብርሃን በስልክሽ አንሺና ለሁለቱም ላኪ። ዋናውን ማን ይያዝ የሚለው ጠብ ይቀላል። ከዚያ አንድ እሑድ የእናትሽን እህት ወይም የቀረቧቸውን አንዲት ባልቴት አስቀምጪና ማን ማን እንደሆነ አስነግሪ፤ ከጀርባው በእርሳስ ጻፊ። እስክሪብቶ ፎቶውን ያበላሻል። ይህን ሥራ አታቆዪው። ባልቴቷም አንድ ቀን አትኖርም፤ ያኔ ፎቶው ውስጥ ያሉት ሰዎች ለልጆችሽ ስም የለሽ ይሆናሉ።

የሚጣለው መጨረሻ ላይ ጥቂት ነው፤ ታዪዋለሽ። የተቀዳደደ ፍራሽ፣ የዛገ ባትሪ፣ ጊዜው ያለፈበት ቅባት። ጠርሙሱንና ብረቱን ቆራሌ ይውሰደው፤ ሥራው የከበረ ሥራ ነው። እነሱ የሰበሰቡት ብዙው ዞሮ ዞሮ እንደ መርካቶው ምናለሽ ተራ ያሉ ቦታዎች ይደርሳል፤ ጎማው በረባሶ፣ ቆርቆሮው ምድጃ ሆኖ እንደገና ሰው ቤት ይገባል። ያን ጊዜ ወንድምሽ ቆራሌ ቢጠራ ማንም አያለቅስም፤ ሁሉም ያየውና የተሰናበተው ነገር ነው የሚወጣው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ ለመጨረስ አትሞክሪ። ሁለት ሰዓት ከሠራሽ ይበቃል። ብቻሽን አትግቢ፤ ባለቤትሽ ወይም አንዲት ጓደኛሽ ትኑር። ግን ለእናትሽ እንዳንቺ የማታዝን ሰው ብትሆን ይሻላል፤ አንድሽ ስታለቅሺ ሌላዋ ካርቶኑን ትይዛለች። ከሥራው በኋላም እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ የልጆችሽን ነገር እንኳ መከታተል ካቃተሽ ነገሩ ከዕቃው አልፏል። ያኔ ሐኪም አማክሪ፤ አዳማ ላይ የአእምሮ ጤና የሚያዩ ባለሙያዎች አሉ።

ክፍሉ ሲለቀቅ ግድግዳውን ቀቡትና የልጆችሽን አልጋ አስገቡ። ለእህትሽ ግን አልጋው ከመግባቱ በፊት ንገሪያት፤ ከገባ በኋላ በፎቶ እንዳታየው። ሻንጣዋ የት እንደሚቀመጥም አብረሽ ንገሪያት። ስትመጣ የምትተኛው እዚያው ክፍል ከልጆቹ ጋር እንደሆነ በያት፤ ልጆቹም አክስታቸው እንደምትመጣ ይወቁ።